ፖሊስ ሲሞት ለቤተ ሰቡ ስለሚደረግ ርዳታ

በኢትዮጵያ የፖሊስ ሠራዊት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከቆመበት ጊዜ አንሥቶ፥ ፖሊስ የሆነ ሰው ወደ ታዘዘበት አገር ይሄዳል፤ ሚስቱና ልጆቹም ይከተሉታል። አንዱ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ቦረናው መካነ ሰላም፥ ሌላውም ከዚያ ወደ ጎንደር ሊዛወር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በሥራው ላይ ሳለ የሞተ እንደ ሆነ፥ ሚስቱ ዘመድ በሌለበት አገር ትቀራለች። ድንኳን የሚተክልላት፥ ንፍሮ የሚቀቅልላት፥ አብሯትም የሚቀመጥ የሰፈሩ ዕድር ነው፤ ዕድር ግን የሚደርሰው ለአባሉ ነውና፥ አዲስ አገር የገባ ፖሊስ ቤት እንደ ተከራየ በዕድር መዝገብ ቢጻፍ መልካም ነው እንላለን።

መንግሥትም በበኩሉ በ2003 ዓ.ም. ባወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፥ ከሟቹ አበል ለሚስቱ 50 በመቶ፥ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ቈረጠ። ዳሩ ግን አበሉ የሚከፈለው ጋብቻውና ልደቱ በማስረጃ ሲታወቅ ነው። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ላይ የምንውል እኛ፥ በሕይወት ሳሉ ያልተጻፈ ጋብቻ ከሞት በኋላ ምስክር ሲፈለግለት ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ እናውቃለን።

እስከዚያ ልጆቹ ምን ይበላሉ? የሟቹ ጓዶች ከደመወዛቸው የሚያዋጡት ገንዘብ እጅግ የሚጠቅመው ይህን ጊዜ ነው። ሁሉም በቀብሩ ሳምንት ተሰጥቶ በተዝካር ከሚያልቅ፥ እኩሌታው አበሉ እስኪደርስ በየወሩ ቢከፈላት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ለቀስተኛው ተበትኗል፥ የቤት ኪራይ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣልና።