የገደል ማሚቶና የጊታር ድምፅ
ከየካ ወደ እንጦጦ ወጥተን በገደል ፊት ብንጣራ ድምፃችን ይመለስልናል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገደሉ 170 ሜትር ቢርቅ ማሚቶውን ከ1 ሴኮንድ በኋላ እንሰማለን። ዲሌይ የሚባለው የጊታር ፔዳልም ሥራው ይኸው ነው፤ ድምፁን ጥቂት አቆይቶ ይለቀዋል። ስቴሪዮ ሲሆን የቀደመውን ለአንድ ማጉያ፣ የዘገየውን ለሌላው መስጠት ይቻላል። መዘግየቱ 20 ሚሊሴኮንድ ቢሆን ማጉያውን 7 ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንደ ማራቅ ነው፤ ጆሯችንም ሁለቱን አንድ ሰፊ ድምፅ አድርጎ ይቀበላል።

ነገር ግን አዳራሹ ድምፁን በአንድ መስመር ደባልቆ የሚያሰራጭ ከሆነ፣ የቀደመውና የዘገየው ተጋጭተው ከድምፁ ከፊሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከመጫወታችን በፊት ሁለቱን በአንድ ማጉያ ደባልቀን መፈተን ይገባናል።