መኪናው የሚያድርበት ክፍል

በንጉሡ ዘመን የተሠሩ የአዲስ አበባ ቪላዎች ጎን ጠበብ ያለች፣ ባለ ሁለት ተከፋች በር ክፍል አትጠፋም። የተሠራችው ለቮልስ ነው። የቮልሷ ስፋት 1.55 ሜትር ገደማ ስለነበር አባወራው መኪናውን አስገብቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ኮቱን ሳያቆሽሽ ይወርድባት ነበር። ኋላ የመጣችው ላዳም ብትሆን 1.61 ሜትር ናት፤ እሷም አላስቸገረችም። ዛሬ ከተማውን የሞላው የቮልስዋገን አይዲ 4 ግን 1.85 ሜትር ነው፤ ስፖኪዮው ሲዘረጋ ደግሞ 2 ሜትርን ያልፋል። ስለዚህ ያቺ ክፍል ወይ የእንጀራ መጋገሪያ፣ ወይ የዕቃ ማጎሪያ፣ ወይም በአጥር በኩል ተበስታ ሱቅ ሆናለች።

ቤት እድሳት ሲጀመር የጋራዡ ነገር ተመልሶ ይነሳል፤ ሰሞኑን ደግሞ ከወትሮው በበለጠ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ መኪና ይዟል። ይህ መኪና የሚያድረውም የሚበላውም ቤት ነው። ጋራዡ ከፀሐይና ከበረዶ መከለያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ መብራት አንድ መስመር ሆኗል። ከእድሳቱ ጋር አብሮ ቢሠራ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ግድግዳው ተፈልፍሎ፣ ግቢው ተቆፍሮ፣ ግንበኛውና መብራት ሠራተኛው አንድ ላይ ተገኝተው ሳለ ያልተሠራ ነገር በኋላ አዲሱን ሴራሚክ ማስነሣቱ አይቀርም።

ጋራዥ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው በሩን ነው፤ ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። ጣጣው ያለው ግን ከወለሉ በታች ነው። በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ በኩል ያለው መሬት አብዛኛው መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ እንዲያው አርማታ ቢፈስስበት ወለሉን አንስቶ ይጥለዋል። ስለዚህ መረሬው ተዝቆ ይወጣል፤ በምትኩ ቀይ አሽ ወይም ሌላ የማያብጥ አፈር ይገባል፤ እሱም በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ሳይሆን በየ20 ሳንቲሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ፕላስቲክ ይዘረጋል፣ ፌሮ ይታሰራል፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አርማታም ይሞላል። የተለመደው ልክ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። በማግስቱ መርገጥ ይቻላል። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው ግን በ28ኛው ቀን ነውና፣ ሰባት ቀን ጆንያ አልብሶ ውሃ ያጠጣና መኪናውን ለአንድ ወር ውጭ ያቆመ ሰው ትዕግሥቱ ከንቱ አይሆንበትም።

ከሁሉ በላይ ጠብ የሚያስነሣው ቦታ አዲሱ ጋራዥ ከነባሩ ቤት የሚገናኝበት መስመር ነው። የቆየ ቤት መሬቱ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ አዲሱ ገና ሊቀመጥ ነው። ብዙ ግንበኛ «ይጠንክር» ብሎ የነባሩን ግድግዳ ሰብሮ ፌሮውን ከፌሮ ያስራል። አዲሱ ትንሽ ዝቅ ሲል ያ ማሰሪያ ይጎትተዋል፤ ግድግዳው ላይም ከላይ እስከ ታች ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። ጂፕሰም ቢለሰንበት፣ ቀለም ቢቀባ ከርሞ ይመለሳል። ሁለቱን ማለያየት ይሻላል። ጋራዡ የራሱን ኮለን ይተክላል፤ በመካከል 2 ሳንቲሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ በፎም ይሞላል፣ ከላይ ዝናብ እንዳይገባ ላሜራ ይታጠፍበታል። ለዓይን ምንም አያምርም፣ ግን አይሰነጠቅም።

ልኩን በተመለከተ ለአንድ መኪና ውስጡ 3.30 በ6 ሜትር፣ የበሩ ክፍት ደግሞ 2.70 ሜትር ቢሆን ደህና ነው። ወለሉ ወደ በሩ በመቶ ሁለት ያህል ያዘቅዝቅ፤ በ6 ሜትር ላይ 12 ሳንቲሜትር ማለት ነው፤ የመኪናው ጠብታና የእጥበቱ ውሃ ወደ ሳሎን እንዳይሄድ። ጋራዡ ከመንገዱ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ መውጫው ቢያንስ 4 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ከዚያ ካጠረ ፓራውልቱ በየቀኑ ይፋቃል።

አየር ነገር ቀልድ አይደለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መተንፈሻው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ይከፈታል፤ የቤቱም ወለል ከጋራዡ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያው በተዘጋ ቤት የተቀጣጠለ ከሰል ሰው የሚገድልበት ጋዝ ነው። አይሸትም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት የተለመደ ሆኗል፤ በሩ ገርበብ ቢልም አያድንም። ጄኔሬተር ከውጭ፣ ከመስኮት ርቆ የራሱን ትንሽ ጣሪያ ይሠራለት።

አሁን ወደ መብራቱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። መኪናው በ16 አምፔር ሲሞላ ልክ አንድ ምጣድ እንደተጣደ ነው፤ በ32 አምፔር ሁለት ምጣድ። ልዩነቱ ምጣዱ ተጋግሮበት ይወርዳል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ ያድራል። ለአምፖልና ለፍሪጅ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። ስለዚህ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ይወጣለታል፤ ለ32 አምፔር ቢያንስ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ፣ ደህና ከተቀበረ ግራውንድ ጋር። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው ትልቁ ቻርጀር ቅንጦት ነው። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ይህን ትንሹ ቻርጀር በሁለት ሰዓት ይመልሰዋል። ምጣዱ ከወረደ በኋላ መሰካት ነው። ኮንዲዩቱን ግን ሰፋ አድርጎ መቅበር ይሻላል፤ ሽቦ በኋላ ይቀየራል፣ ቧንቧ ግን ወለል ያስፈርሳል።

ጋራዥ መጨመር በሕግ ዓይን ቀለም እንደ መቀባት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በከተማ ያለ ፈቃድ መገንባትንም ነባሩን መለወጥንም ከልክሏል። «እድሳት ነው» ብሎ የጀመረ ሰው አርማታው ሊሞላ ሲል ደንብ አስከባሪ ቢቆምበት የሚያማርረው የለውም። ካርታውንና ፕላኑን ይዞ ቀድሞ ወረዳ መሄድ ይቀላል።

የቀረው በሩ ነው። ግቢው አጥርና ዘበኛ ካለው ጣሪያና ሦስት ግድግዳ ይበቃል፤ ሮሊንግ ሸተር የሚያስፈልገው ጋራዡ በቀጥታ መንገድ ላይ ሲከፈት ነው። ገንዘብ ካጠረ በሩ ለከርሞ ይቆይ። ማጠፊያው የሚበየድበት ብረት ግን ኮለኑ ሳይሞላ መቀበር አለበት፤ አለዚያ ብየዳ ሠራተኛው ሲመጣ አዲሱን አርማታ በድጂኖ ያስቦረቡረዋል።