የካርቱም ሎሪና ፑንቲናው

ካርቱምን ከገዳሪፍና ከከሰላ፣ ኦምዱርማንን ከኮርዶፋን ገበያዎች ጋር ለአሥርት ዓመታት ያገናኘው ባለ እንጨት ካሶኒው ቤድፎርድ ሎሪ ነው። ከካርቱም ፖርት ሱዳን የሚያደርሰው አስፋልት እ.ኤ.አ. በ1980 እስኪጠናቀቅ ድረስ ሎሪው ጆንያውንና ተሳፋሪውን ጭኖ የሚጓዘው በአብዛኛው በአሸዋና በጥቁር አፈር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ገበያ ላይ የዋለው ቲጄ ሞዴል በናፍጣም በቤንዚንም ተሠርቷል። እዚህ የምናየው ባለ ስድስት ሲሊንደሩን የቤንዚን ሞተር ነው፤ የናፍጣው ሞተር የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ ካንዴላም ፑንቲናም የለውም።

ፑንቲና ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። ሲገጥሙ ከባትሪ የመጣው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ያልፋል፤ ሲለያዩ ይቋረጣል፤ በዚያች ቅጽበት ቦቢናው በሺህ የሚቆጠር ቮልት አመንጭቶ ወደ ካንዴላ ይልካል። ለየትኛው ካንዴላ እንደሚደርስ የሚወስነው በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ሮተር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው 9,000 ጊዜ ይከፈታል። በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.35 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

የካርቱም ሙቀትና አቧራ ጉዳት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፑንቲናውን የሚከፍተው በዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ጉብታዎች ላይ የሚፈገፈግ ትንሽ ተረከዝ ነው። ሃቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ የሚገባው አቧራ ቅባቱን አድርቆ ይህን ተረከዝ ይበላዋል፤ ተረከዙ ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ ይጠብባል፣ ብልጭታውም ይዘገያል። የዘገየ ብልጭታ ጉልበት ያሳጣል፣ ሞተሩንም ያግላል። አየሩ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን ራዲያተሩ ሲፈላ ብዙ ሰው የሚወቅሰው ራዲያተሩን ነው፤ ጥፋቱ ግን ከዲስትሪቢውተሩ ካፕ ሥር ሊሆን ይችላል።

የማስተካከሉ ሥራ ካፑን በማንሣት ይጀምራል። ውስጡ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከታየ ኤሌክትሪኩ መንገድ ስቷልና ካፑ ይቀየር። ከነጥቦቹ አንዱ ተጎድጉዶ በሌላው ላይ ጉብታ ካበቀለ ከፑንቲናው ጋር የሚሠራውን ኮንዴንሰር ተጠራጠሩ። ከዚያ የዲስትሪቢውተሩን ዘንግ በጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ቡሽው አልቋል፣ ክፍተቱን መለካትም ከንቱ ድካም ነው። ብልጭታውን የሚያስቀድመውን የቫኪዩም ቱቦ በአፍ ሲስቡት ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ካልተንቀሳቀሰ ዲያፍራሙ ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ሞተሩን በማኑቬላ እያዞሩ ተረከዙን የዘንጉ ጉብታ ጫፍ ላይ ያድርሱት። የመለኪያው ስስ ብረት በነጥቦቹ መካከል ትንሽ ያዝ እያደረገ ሲያልፍ ልኩ ያ ነው። ፑንቲናውን የሚያስረው ቡሎን ሲጠብቅ ቦታውን ስለሚያስት ደግሞ መለካት ግድ ነው። በዘንጉ ጉብታ ላይ ስስ ቅባት፣ ከሮተሩ ሥር ባለው ስፖንጅ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃል፤ ቅባት ሲበዛ ተረጭቶ ነጥቦቹን ያቃጥላል።

የብልጭታው ሰዓት የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ክፍተቱ ሲቀየር ሰዓቱም አብሮ ይቀየራልና። አንደኛውን ሲሊንደር በመጭመቂያው ምት ወደ ብልጭታው ሰዓት ምልክት አምጥተው፣ አንድ አምፖል ከቦቢናው የፑንቲና ገመድና ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኙ። ቁልፉን ከፍተው፣ ዲስትሪቢውተሩን መጀመሪያ አምፖሉ እስኪጠፋ በሮተሩ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው ቀስ ብለው ያዙሩት። አምፖሉ የበራበት ቦታ ፑንቲናው የተከፈተበት ነው፤ እዚያው ይታሰር። ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ካንኳኳ ሰዓቱ ቀድሟል፣ በጥቂቱ ይመለስ።

ዛሬ ፑንቲናን የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አለ፤ ተረከዝ ስለሌለው አያልቅም። በረሃ ላይ ከተበላሸ ግን በካቻቪቴና በብርጭቆ ወረቀት የሚጠገን ነገር የለውም። ኤሌክትሮኒኩን ብታስገቡም አንድ ፑንቲናና አንድ ኮንዴንሰር ከዕቃ ሣጥናችሁ አይጥፋ።