የንግድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ፦ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ

ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የግል የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። አየር ላይ የዋለው በመስከረም 2000 ዓ.ም.፣ ሚሌኒየሙ ከገባ አንድ ወር ሳይሞላው ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ጋዜጠኛዋ መዓዛ ብሩና ተዋናዩ አበበ ባልቻ ለአድማጩ እንግዳ አልነበሩም። «ጨዋታ» የተሰኘውን ዝግጅታቸውን ቀደም ሲል በመንግሥት ጣቢያ፣ በኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ሲያቀርቡ ቆይተዋል።

ሬዲዮ በ1927 ዓ.ም. ከአቃቂ መሰማት ከጀመረ ወዲህ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በመንግሥት እጅ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ጣቢያ ብሥራተ ወንጌል ለየት ያለ ነበር፤ እሱንም ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። በዚያ ዘመን ዘፈን የሚደመጠው በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ ስለነበር ድምፁ ማታ ማታ ይሄድና ይመለሳል፤ የሌላ አገር ጣቢያም ይደረብበታል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲከፈት የባሱ ጉርምርምታና የክራሩ ቅንጣት ጥርት ብሎ ገባ። ለሙዚቃ ወዳጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከድምፁ ጥራት ይልቅ ዘላቂ ለውጥ ያመጣው ግን የተባባሪ አዘጋጆች አሠራር ነው። ተባባሪ አዘጋጅ የጣቢያው ደመወዝተኛ አይደለም። የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ዝግጅቱን በራሱ ወጪ ይሠራል፣ ስፖንሰርና ማስታወቂያም ራሱ ፈልጎ ያመጣል። የሳሙናው፣ የቀለሙ፣ የባንኩ ስፖት በሁለት ዘፈኖች መካከል የሚገባው ለዚህ ነው። ስፖንሰር የጠፋበት ዝግጅት አድማጭ ቢኖረውም ይቋረጣል። ብዙ የዛሬ የሬዲዮ ሰዎች ሙያውን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ማይክሮፎን ፊት ለመቀመጥ መጀመሪያ ከነጋዴ ጋር መደራደርን ለምደዋል።

የግል ጣቢያን በር በሕግ የከፈተው አዋጅ ቁጥር 178/1991 ነበር። ፈቃዱ በተግባር እስኪሰጥ ግን ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ከቀዳሚዎቹ ባለፈቃዶች መካከል ሸገርና ዛሚ 90.7 ይገኙበታል፤ ሁለቱም የተተከሉት አዲስ አበባ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 533/1999 ደግሞ ብሮድካስትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለየው። ሸገር በንግድ ፈቃድ ቢሠራም ዘፈን ብቻ አላጫወተም። አንጋፋ አርቲስቶች፣ መኮንኖችና ዲፕሎማቶች የሕይወት ታሪካቸውን ሳይቸኩሉ የሚያወጉበት «የጨዋታ እንግዳ» ከጣቢያው ሥራዎች ሁሉ በላይ የሚቀመጥ ነው፤ በጽሑፍ ያልተያዘ ብዙ ታሪክ በዚያ ተጠብቆ ቀርቷል።

የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ አይመለስም፤ በቀጥታ ይጓዛል፣ ተራራ ሲገጥመው ይዳከማል። አንቴና ከፍታ ላይ የሚተከለውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዳማ ደግሞ ወደ 1,700 ሜትር ዝቅ ብላ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። ከላይ የተለቀቀው ሞገድ ወደ ታች እየወረደ ይመጣል ማለት ነው። መንገድ ላይ ያለ ሾፌር ይህን በጆሮው ያውቀዋል፦ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ ሞጆ ሲወርድ ዘፈኑ መሐል የሚንሻሻ ድምፅ ይገባል፣ ኮረብታው ሲያልፍ ይጠራል፣ ጭራሽ ሲጠፋ እጁ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። መቂ፣ ዝዋይና ሻሸመኔ ለመድረስ ግን የአዲስ አበባ አንቴና አይበቃም፤ በአካባቢው የቆመ ማሠራጫ ያስፈልጋል።

ለአዳማ ያ ማሠራጫ የመጣው በነጋዴ ሳይሆን በክልል መንግሥት ነው። የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት፣ የዛሬው ኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትዎርክ፣ በ1998 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና መቀመጫውን አዳማ አደረገ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሬዲዮ ፋናም ቆየት ብሎ ወደ ክልል ከተሞች ሲወጣ ሻሸመኔ ላይ ኤፍ ኤም ከፍቷል። የኦሮሚኛ ዘፈን በቀን ውስጥ ሰፊ ሰዓት ማግኘቱ ከእነዚህ ጣቢያዎች ጋር የተያያዘ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተማ ግን በአንድ ቋንቋ ብቻ አያዳምጥም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ ያረፈው ድምፃዊ አሊ ቢራ ራሱ በኦሮሚኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍኗል፤ የእሱን ካሴት የሚያውቅ አድማጭ ያለው ጣቢያም የሚመርጠው ሙዚቃ ሰፊ መሆን ይኖርበታል።

በዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተረሳው ዘፋኙ ነው። ስፖንሰሩ ለአዘጋጁ፣ አዘጋጁ ለጣቢያው ይከፍላል፤ ዘፈኑ ግን በነፃ ሲጫወት ኖሯል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ቢያውቅም ገንዘቡን ማን ይሰብስብ የሚለው ሳይፈታ ቆየ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ እንዲሰበስቡ ፈቀደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የቀድሞውን የብሮድካስት ሕግ ተካ፤ ዛሬ በአዳማም ሆነ በአዲስ አበባ ጣቢያ ለመክፈት የሚፈልግ የሚዳኘው በዚሁ አዋጅ ነው።