መንገዱ ራሱ ነጂውን ይገሥጸው

መኪና ለሰው ልጅ የሰጠው ጥቅም ብዙ መሆኑ የማይካድ ነገር ነው። በሽተኛውን ወደ ሐኪም፣ እህሉን ወደ ገበያ ፈጥኖ ያደርሳል። ዳሩ ግን ፍጥነት ስፍራውን ካላወቀ ጥቅሙ ወደ ጥፋት ይለወጣል። ለሩቅ አገር ጎዳና የሚገባው ፍጥነት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት፣ ሽማግሌዎች በምርኩዝ በሚሻገሩበትና ምእመናን ከቅዳሴ ወጥተው በሚያልፉበት ሰፈር አይገባም።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ወደ 60 ቢያደርሰው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመምታት ኃይሉ ግን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም ድረስ የሚሄደውም ርቀት እንዲሁ ነው። ስለዚህ በ30 የተመታ እግረኛ ብዙውን ጊዜ በሕይወት ሲተርፍ፣ በ60 የተመታው የመዳን ተስፋው እጅግ ያነሰ ነው።

ይህን ለመከልከል መንግሥታት ሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት ሕግ ማውጣትን፣ ምልክት መትከልንና አጥፊውን መቅጣትን ነው። ይህ አስፈላጊ ቢሆንም ቅሉ ብቻውን አይበቃም፤ ፖሊስ በየመንገዱ ሌሊትና ቀን ሊቆም አይችልምና። ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ሠርቶ በዳሩ «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ሰሌዳ ማቆም፣ በአንድ እጅ እየጠሩ በሌላው እጅ እንደ መከልከል ነው።

በሆላንድ የሆነው ለዚህ ምስክር ይሆናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በዚያች አገር በመንገድ አደጋ 3,300 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፣ ከነዚህ ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆችም የሕፃናቱ እልቂት ይቁም ሲሉ አቤቱታቸውን በአደባባይ አሰሙ። ከዚያ አስቀድሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ በዴልፍት ከተማ የሰፈር መንገዶችን ጠመዝማዛና ጠባብ አድርጎ መሥራት ተጀምሮ ነበርና፣ መንግሥት በ1976 ዓ.ም. ይህን ዓይነት ሰፈር በሕግ አጸናው፤ መኪናም በዚያ ከሰው እርምጃ እንዳይፈጥን ተወሰነ። በ1990ዎቹ ደግሞ መንገዶችን ሁሉ በየሥራቸው ለዩ፤ አላፊው መኪና በዋናው ጎዳና እንዲሄድ፣ የሰፈሩ መንገድ ግን ለነዋሪው ብቻ እንዲሆን አደረጉ። በ2023 ዓ.ም. የሟቾቹ ቁጥር 684 ነበር። ይህ ሁሉ ከመንገድ ሥራ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የመቀመጫ ቀበቶው፣ የሕጉና የሕክምናው መሻሻልም ድርሻ አለው። ነገር ግን የመንገዱ ቅርጽ ታላቅ እገዛ እንዳደረገ የታወቀ ነው።

በአዲስ አበባም በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከተማይቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 እስከ 2030 ዓ.ም. የሚቆይ የመንገድ ደኅንነት ዕቅድ አውጥታለች፤ ዕቅድ ግን ፍሬ የሚያፈራው በድንጋይና በአስፋልት ሲጻፍ ነው። ይኸውም የእግረኛ መሻገሪያውን ከፍ አድርጎ መሥራት፣ የመንገዱን መታጠፊያ ማጥበብ፣ በሰፊው ጎዳና መካከል እግረኛ የሚያርፍበት ስፍራ ማበጀት፣ በመስቀለኛውም መንገድ አደባባይ ማድረግ ነው። ጉብታ ቢደረግም በልክ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሌሊት እንዲታይ ይሁን፤ ያለ ልክ የተከመረ አፈር ራሱ አደጋ ነውና። የበሽተኛና የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበትም መንገድ አስቀድሞ ይታሰብ።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ጉዞን ያዘገያል ይላሉ። እውነት ነው፤ በሰፈር ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያዘገያል። ነገር ግን የጠፋች ደቂቃ በሌላ ቀን ትካሳለች፤ የጠፋች ነፍስ ግን አትካስም።

እንግዲህ መንገድ እንዲሠራ የሚያዝዙ ሹማምንት ንድፉን ሲመረምሩ መኪናው በምን ያህል ፍጥነት ያልፍበታል ብለው ብቻ ሳይሆን፣ ሕፃን ልጅ በደኅና ይሻገርበታልን ብለው እንዲጠይቁ ይገባል። ካህናትም የነፍስ አደራ አለባቸውና፣ በደብራቸው ደጅ የሚያልፈውን መንገድ አደጋ ለባለሥልጣኖች ቢያመለክቱ፣ ሕዝቡንም ቢመክሩ፣ መልካም ሥራ ይሆንላቸዋል።