የአርዲቦ ዳገትና የነጋዴው ዋና ገንዘብ

አስተዋይ ነጋዴ ከትርፉ አስቀድሞ ዋና ገንዘቡን ይጠብቃል። በአምባሰል አጠገብ፥ አርዲቦ ሐይቅን የከበቡት ተራሮችም ዋና ገንዘብ አላቸው፤ እርሱም አፈራቸው ነው።

የወሎ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ገንፍሎ በተነጠፈ እሳተ ገሞራ ነው። ዐለቱ በፀሐይና በዝናብ ሲፈራርስ ዳገቱ ስስ አፈር፥ ሜዳው ግን ጥልቅ ዋልካ ይይዛል። እንዲሁ በእሳተ ገሞራ በተሠሩት በስሜን ተራሮች ከፍታ ላይ ደግሞ የሚገኘው አፈር ጥቁርና ቀላል ነው፤ ውሃን እንደ ሰፍነግ ይይዛል። ሆኖም ፎስፎርን አጥብቆ ስለሚያስቀር፥ ከተጨመረለት ማዳበሪያ ለተክሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ማዳበሪያ የምትሸጡ ሁሉ፥ አንዱ ከረጢት ለሁሉም አፈር እኩል እንደማይሠራ ልብ በሉ። ገበሬው አፈሩን አስመርምሮ ቢገዛ ለእርሱም ለእናንተም ይበጃል።

የዳገቱ ደን ከተመነጠረ ግን ምርመራውም ማዳበሪያውም ከንቱ ነው። የረገፈ ቅጠል ለዘመናት ያለማውን አፈር የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል። እህሉን የምንገዛው ከዚያው ዳገት ነውና፥ ዋናው ከጠፋ በኋላ ትርፉን ከየት እናገኛለን?