ነጩን መንገድ ለማዳን



የጠጠር መንገድ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አስፋልት ገና ያልደረሰለት፣ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው የሚያስመርር መንገድ ነው። በኢጣልያ አገር ግን የጠጠር መንገድ አስፋልት እንዳይለብስ ሲሉ በማኅበር ሆነው ብስክሌት የሚጋልቡ ሰዎች አሉ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ በአጭሩ ለማብራራት እንወዳለን።

በፊሬንሴና በሲየና ከተሞች መካከል ኪያንቲ የሚባል የወይንና የወይራ ምድር ይገኛል። በኮረብታዎቹ ላይ የሚጠማዘዙት የገጠር መንገዶች ነጣ ያለ ጠጠር የለበሱ ስለሆኑ የአገሩ ሰዎች «ነጫጭ መንገዶች» ይሏቸዋል። ለብዙ ዘመን የተመላለሱባቸው ገበሬዎች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የራሳቸው መሬት የሌላቸው፣ እኛ «የእኩል አራሽ» በምንለው ዓይነት ውል የምርታቸውን ግማሽ ለባለ መሬቱ የሚሰጡ ነበሩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የገበሬው ልጆች እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ፈለሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. የወጣው ሕግም አዲስ የእኩል ውል መዋዋልን ከለከለ። ብዙ የገበሬ ቤቶች ባዶ ቀሩ፤ መንገዶቹም ተመላላሽ አጡ።

የጠጠር መንገድ ደግሞ ካልጠበቁት አይቆይም። መካከሉ ከፍ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ካላለ፣ ቦዩም ካልተጠረገ የዝናብ ውኃ ይቦረቡረዋል። የመኪና ጎማም ጠጠሩን እየገፋ ወደ ዳር ያወጣዋል። ስለዚህ በየጊዜው መደልደልና ጠጠር መጨመር ያስፈልገዋል። ሰው የማይሄድበት መንገድ ግን ማን ይደለድለዋል? ወይ አስፋልት ይለብሳል፣ ወይ ይረሳል።

ይህን ያዩት ጃንካርሎ ብሮቺ የተባሉ ሰውና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ጋዮሌ ከምትባለው የኪያንቲ ከተማ የሚነሣ የብስክሌት ጉዞ አዘጋጁ። ስሙንም «ሌሮይካ» አሉት፤ «ጀግናዋ» እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት 92 ጋላቢዎች ነበሩ፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ይመጣሉ።

ጉዞው አሸናፊ የሌለው ነው። ጋላቢው በየጣቢያው ወረቀቱን እያስመታ ያልፋል። ብስክሌቱም እ.ኤ.አ. ከ1987 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ወይም በዚያው በድሮው ዓይነት የተሠራ መሆን አለበት። ረጅሙ መሥመር ከ200 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ በዚያ የሚሄዱት ሳይነጋ ተነሥተው በመንገድ ዳር በተደረደሩ ትንንሽ መብራቶች ብርሃን ወደ ብሮሊዮ ግንብ ይወጣሉ። ይህ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የቤቲኖ ሪካሶሊ ቤተ ሰብ ርስት ነው። በየማረፊያው የሚቀርበው ምግብ ግን የባለ ግንቡ ሳይሆን የአራሹ ነው፤ ከደረቀ ዳቦ፣ ከቦሎቄና ከጎመን የሚሠራ ሾርባ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በእነዚሁ መንገዶች ላይ የታወቁ ብስክሌተኞች የሚወዳደሩበት ውድድር ተጀመረ። ዛሬ ስሙ «ስትራዴ ቢያንኬ»፣ ማለትም «ነጫጭ መንገዶች» ነው፤ ፍጻሜውም በሲየና አደባባይ ነው። እንዲህ ሆኖ የተናቀው ጠጠር የአገሩ መታወቂያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። አቧራውን ዓመቱን ሙሉ የሚቅመው በአንድ ቀን የሚያልፈው ጋላቢ ሳይሆን በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ለሚሸከም የአገራችን ባላገርም፣ ደኅና መንገድ የነፍስ ጉዳይ ነው። ስለሆነም ጠጠር ከአስፋልት ይሻላል ማለታችን አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሌላ ነው። መንገድን የሚያቆየው ድንጋዩ ሳይሆን የሚመላለስበትና «ይጠገን» ብሎ የሚጠይቅለት ሰው ነው። ከኪያንቲ የሄዱት ገበሬዎች አልተመለሱም፤ ሆኖም እነርሱ በእግርና በበሬ የሄዱበትን መንገድ 92 ሰዎች በብስክሌት ሄደውበት እንዳይረሳ አደረጉት። በየአካባቢያችንም ጠያቂ ያጣ መንገድ፣ ምንጭ ወይም ድልድይ ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አብረው ሄደው የሚያዩት ጥቂት ሰዎች ናቸው።